በጭስ የበሰለ ሥጋ፦ ለምላስ ጣዕም፣ ለላኪ ራስ ምታት

ዛሬ ከዋጋ ሰሌዳው ፈቀቅ ብለን ስለ ባርቤኪው እናውራ። "ምን አገናኘን?" አትበሉ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እናንተ መጋዘን ይደርሳል።

የአሜሪካዋ ቴክሳስ ታዋቂው ባርቤኪው የበሬ ፍርምባ ነው። ሥጋው ከእሳቱ ተለይቶ፣ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ሙቀት፣ በእንጨት ጭስ ከ10 ሰዓት በላይ ይበስላል። ፍርምባ ጠንካራ ስለሆነ ካልዘገየ አይላላም።

ጥቅሙ፦ ፕሮቲን፣ ብረት፣ ዚንክና ቫይታሚን ቢ12 አለው። ጭሱ እነዚህን አያጠፋም። ስቡና ጨው ግን ይበዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው።

ጉዳቱ፦ እንጨት ሲጤስ፣ ስብም ፍም ላይ ሲንጠባጠብ ፒኤኤች የሚባሉ ኬሚካሎች ይፈጠራሉ። ከነሱ አንዱ ቤንዞፓይሪን ካንሰር አምጪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2015 እ.ኤ.አ. በጨው፣ በጭስና በመሳሰሉት የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧል። በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰር ስጋትን በ18 በመቶ ይጨምራል። ይህ ማለት ከመቶ በላተኛ 18ቱ ይታመማል ማለት አይደለም፤ የነበረው ስጋት በዚያ ልክ ከፍ ይላል ነው። አልፎ አልፎ መቅመስና በየቀኑ መብላት አንድ አይደሉም።

ታድያ እኛን ምን አገባን? የአውሮፓ ኅብረት በጭስ በተዘጋጀ ሥጋ ላይ የሚፈቅደው ቤንዞፓይሪን በኪሎ 2 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ተመሳሳይ ገደብ ቅመማ ቅመም ላይም አለ። እንደ ዝንጅብልና እርድ ላሉ የደረቁ ቅመሞች ጣሪያው በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው። ከዚያ ካለፈ ዕቃው እዚያ ገበያ አይገባም፤ የቱንም ያህል ጥሩ ዋጋ ብትዋዋሉ ዋጋ የለውም።

እርድ ከምድጃ አጠገብ ሲደርቅ፣ ዝንጅብል አስፋልት ዳር ሲሰጣ፣ የናፍጣ ጭስ ያለበት መጋዘን ሲከማች ያው ፒኤኤች ይይዘዋል። በዓይን አይታይም፤ ላብራቶሪ ግን ያገኘዋል።

መፍትሔው ባርቤኪው ጠባሹ የሚያውቀው ነው፦ ዕቃውን ከእሳቱ አርቁ። ዩኒየኖች አባሎቻችሁን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ፣ በፀሐይ እንዲያሰጡ ምከሩ። ላኪዎች ደግሞ ኮንቴይነር ከመታሸጉ በፊት ናሙና አስመርምሩ። የምርመራው ወጪ ጭነት ከወደብ ከሚመለስ ይሻላል።

መልካም ገበያ!