በመኪና ውስጥ ለሚሠራ ኮምፒዩተር የኃይል መስጫ አመራረጥ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያደርሰው መንገድ ጤፍ የሚያመላልስ ነጋዴ፣ ሚዛኑንና ሒሳቡን በመኪናው ውስጥ በኮምፒዩተር ለመመዝገብ ቢያስብ፣ አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ፓወር ሰፕላይ የሚባለውን የኃይል መስጫ ነው።

በመጀመሪያ የመኪናው ቮልት ይታወቅ። የቤት አውቶሞቢል በ12 ቮልት ሲሠራ፣ ብዙ የጭነት መኪናዎች ሁለት ባትሪ አጣምረው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ለ12 ቮልት ብቻ የተሠራ ዕቃ በ24 ላይ ቢገጠም ይቃጠላል። ይህን ለመሸሽ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ኃይል መውሰድም ባትሪዎቹን እኩል እንዳይሞሉ አድርጎ ዕድሜያቸውን ያሳጥራል።

ሁለተኛ፣ ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት የ12 ቮልት ባትሪ ከ10 ቮልት በታች ሊወርድ ይችላል፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግን እስከ 14 ቮልት ይደርሳል። ይህን መዋዠቅ የማይችል መስጫ ሥራውን ያቋርጣል፤ የኮምፒዩተሩም የራሱ ባትሪ የደከመ ከሆነ፣ በገበያው ቀን የተጻፈው ሒሳብ ሳይቀመጥ ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት ለውጦ እንደገና ወደ 19 ቮልት ከማውረድ ይልቅ፣ ኮምፒዩተሩ የሚፈልገውን ቮልት በቀጥታ የሚሰጠው ይመረጣል፤ የሚባክነው ኃይል ያንሳልና። 65 ዋት የሚወስድ ኮምፒዩተር ከ12 ቮልት ባትሪ 6 አምፔር ያህል ስለሚስብ፣ ሽቦውና ፊዩዙ ለዚሁ የሚበቁ ይሁኑ።

ዕቃውን የሚያስመጡና የሚሸጡ ነጋዴዎችም ዋቱን ብቻ ሳይሆን፣ መስጫው የሚቀበለውን ዝቅተኛና ከፍተኛ ቮልት ለገዢው አስቀድመው ቢያሳዩ፣ ተቃጥሎ ከሚመለስ ዕቃና ከደንበኛ ቅሬታ ይድናሉ።