ሕያው ግግር በረዶ በሌለበት አገር የግግር በረዶን ዱካ ፎቶግራፍ ማንሣት፦ ከጉና ግርጌ የተነሣ ማብራሪያ

በይፋግና በወረታ መካከል በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጥርት ባለ የጥቅምት ማለዳ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው የጉና ተራራ ከሩቅ ይታያል። ተራራው ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ርብና ጉማራ ከዚሁ ተራራ አካባቢ ተነሥተው፣ ሜዳውን አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። በክረምት በረዶ ሲጥል የተራራው አናት ለጥቂት ጊዜ ነጭ ይለብሳል። ስለ ዓለም ተራሮች ያነበበ ሰው ነጩን አናትና ወንዞቹን አንድ ላይ ሲያይ፣ ውኃው ከሚቀልጥ ግግር በረዶ የሚመነጭ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ሁለቱን ወንዞች የሚመግባቸው ዝናብና ከዝናብ የተጠራቀመ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ግግር በረዶ የለም። ያለው ዱካው ነው። ይህ ጽሑፍ ዱካው የት እንደሚገኝ፣ ከምን ጋር እንደሚምታታና የተነሣው ፎቶግራፍ ማስረጃ የሚሆነው ምን ሲሟላ እንደሆነ ያብራራል።

የስያሜው ችግር

የመጀመሪያው መሰናክል ቋንቋ ነው። በአማርኛ «በረዶ» የሚለው ቃል ከደመና እየጠጠረ የሚወርደውንም፣ እንደ ባዘቶ ሆኖ የሚወርደውንም፣ የረጋ ውኃንም ይጠራል። «ውርጭ» ሌሊት መሬት ላይ የሚረጋው ነው፤ «አመዳይ» ደግሞ እንደየአገሩ ለውርጭም ለነጩ ብናኝ በረዶም ይነገራል። ግግር በረዶ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ለብዙ ዓመታት ሳይቀልጥ እየተደራረበ፣ በራሱ ክብደት እየተጠቀጠቀ ወደ ጠጣር በረዶነት ተለውጦ፣ በቁልቁለት ላይ በዝግታ የሚፈስ ግዙፍ አካል ነው። መለያው ነጭነቱ ሳይሆን እንቅስቃሴው ነው።

ልዩነቱ ጥንታዊ ምንጮችን ስናነብ ይጠቅመናል። ኮስማስ የተባለው መንገደኛ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዱሊስ ገልብጦ ያቆየው የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ፣ የሰሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለባቸው ይናገራል። ምስክርነቱ ስለ ብናኝ በረዶ እንጂ ስለ ግግር በረዶ አይደለም። በራስ ደጀን ላይ በዘመናችን የሚታየው ነጭ ሽፋንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ ነጭ የለበሰ የራስ ደጀን ፎቶግራፍ አንሥቶ ከሥሩ «እየጠፋ ያለ ግግር በረዶ» ብሎ ቢጽፍ፣ ምስሉ እውነት ሆኖ መግለጫው ሐሰት ይሆናል።

ሕያው ግግር በረዶና ፎቶግራፎቹ

በአፍሪካ ግግር በረዶ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ ብቻ ነው። የሦስቱም ታሪክ ከጎብኚዎችና ከካሜራቸው ጋር የተሳሰረ ነው። ሃልፎርድ ማኪንደር በ1899 እ.ኤ.አ. የኬንያን ተራራ ሲወጣ፣ ቪቶሪዮ ሴላም በ1906 እ.ኤ.አ. ከአብሩዚው መስፍን ጋር ሩዌንዞሪን ሲጎበኝ ያነሧቸው ፎቶግራፎች በጊዜው የአሳሽነት ማስታወሻ ነበሩ። ዛሬ ግን የበረዶው ጠርዝ የት ደርሶ እንደነበረ የሚያሳዩ መለኪያዎች ሆነዋል። በኪሊማንጃሮ በ1912 እ.ኤ.አ. ከነበረው የበረዶ ሽፋን እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ 85 በመቶው እንደጠፋ የታወቀው የቆዩ ካርታዎችን ከአየር ፎቶግራፎች ጋር በማነጻጸር ነው።

በአገራችንም የዚህ ዘዴ ጥቅም በሌላ መስክ ታይቷል። በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ያነሣቸው የሰሜን ኢትዮጵያ ፎቶግራፎች፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው እነዚያው ቦታዎች ዳግም ሲነሡ፣ በብዙ ሥፍራ የዛሬው የዕፀዋት ሽፋን ከያኔው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። አገሩ ሁሉ ያለማቋረጥ እየተራቆተ መጥቷል የሚለው የተለመደ አባባል እንዲታረም ያደረገው ከአንድ ነጥብ ሁለት ጊዜ የተነሣ ምስል ነው።

በኢትዮጵያ የቀረው ዱካ

የግግር በረዶ ዱካ በግልጽ የሚታየው በባሌ፣ በአርሲና በሰሜን ተራሮች ላይ ነው። በባሌ የሳነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የቱሉ ዲምቱ አናትም 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ አምባውን ስለሚያቋርጥ ለተመራማሪ ምቹ ነው። ዋናው ዱካ ሞሬን ይባላል፤ በረዶው እየገፋ አምጥቶ ሲቀልጥ የተወው፣ ትልቅና ትንሽ ድንጋይ ከአፈር ጋር የተደባለቀበት ረጅም ጉብታ ነው።

የጉብታዎቹ ዕድሜ የተለካው በቋጥኞቹ ነው። በረዶው ትቶት የሄደ ቋጥኝ ለሰማይ ሲጋለጥ፣ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር በድንጋዩ ውስጥ ክሎሪን 36 የተባለ አይሶቶፕ ይፈጥራል። መጠኑ ሲለካ ቋጥኙ የተጋለጠበት ዘመን ይታወቃል። በዚህ ዘዴ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በደቡባዊው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ግግር በረዶው እጅግ የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት እንደሆነ አሳይቷል። ይህም የዓለም ግግር በረዶ ወደ መጨረሻ ከፍተኛ ስፋቱ ከደረሰበት ዘመን ይቀድማል። በወቅቱ ሙቀቱ ከዛሬው ከ4.4 እስከ 6.0 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ የከፍተኛ ተራራ ዕፀዋት ቀበቶም 700 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ ነበር። በዚሁ ዘመን በባሌ በፊንጫ ሀበራ ዋሻ ሰዎች ይኖሩ እንደነበር በቁፋሮ ተረጋግጧል።

ጣና ሐይቅ ደግሞ ሌላ መዝገብ ይዟል። ከሐይቁ ወለል የወጣው ደለል፣ ሐይቁ አንድ ጊዜ ደርቆ እንደነበረ፣ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት መካከሉ የደንገል ረግረግ እንደነበረ፣ ከ14,750 ዓመት በፊትም ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ እንደጀመረ ያሳያል። የተራራው ቋጥኝ ስለ ብርድ ሲመሰክር የሐይቁ ደለል ስለ ድርቅ ይመሰክራል፤ የሁለቱ ከፍተኛ ወቅቶችም አይገጣጠሙም። የበረዶ ዘመንን እንደ አንድ ወጥ የብርድና የድርቅ ዘመን መግለጽ የማይበቃው ለዚህ ነው።

የሚያሳስቱ ቅርጾች

ድንጋይ የተከመረበት ሁሉ ሞሬን አይደለም። ተራሮቻችን እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ስለሆኑ፣ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ጠርዝም ሆነ የመሬት መንሸራተት ያወረደው ቁልል ከሩቅ ሞሬን ሊመስል ይችላል። ሳነቲ ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያ እስከ 1,000 ሜትር የሚረዝሙና እስከ 15 ሜትር የሚሰፉ፣ በመስመር የተደረደሩ የድንጋይ ረድፎች አሉ። እነዚህን የፈጠረው የሚፈስ በረዶ ሳይሆን፣ መሬቱ በጥንት ዘመን ደጋግሞ መርጋቱና መቅለጡ ነው። ስለዚህ ከሩቅ የተነሣ አንድ ምስል አይበቃም። የቅርጹን አቀማመጥ የሚያሳይ የሩቅ ምስል፣ የጉብታውን ተዳፋት የሚያሳይ የመካከለኛ ርቀት ምስል፣ የድንጋዮቹን መጠን፣ ድብልቅና ጭረት የሚያሳይ የቅርብ ምስል በአንድነት ያስፈልጋሉ።

ፎቶግራፍ ማስረጃ የሚሆንበት መንገድ

አንደኛው ጉዳይ ብርሃን ነው። ዝቅተኛ ጉብታ በእኩለ ቀን ፀሐይ ጥላ ስለማይኖረው ጠፍጣፋ መስሎ ይታያል፤ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን ጥላው ቅርጹን ያወጣዋል። ወቅቱም ይወስናል። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ሰሜን የዞሩ ገደላማ ጎድጓዳዎች በጥላ ይዋጣሉ፤ በሰኔ ብርሃን ያገኛሉ፣ ነገር ግን ደመና ይሸፍናቸዋል። በበጋው መጨረሻ ደግሞ አቧራና ጭስ ርቀቱን ያደበዝዛሉ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ የተሻለ አማራጭ ነው።

ሁለተኛው መጠን ነው። ብዙ ጎብኚዎች ለማነጻጸሪያ ጅብራን ከጎን ያስገባሉ። ጅብራ ግን እንደ ዕድሜው ከጉልበት በታችም ከሰው ቁመት እጅግ በላይም ሊሆን ስለሚችል መለኪያ አይሆንም፤ ቁመቱ የታወቀ፣ ምልክት ያለው በትር ይሻላል።

ሦስተኛው መዝገብ ነው። የቆሙበት ነጥብ፣ ከፍታው፣ ካሜራው የዞረበት አቅጣጫ፣ የሌንሱ የትኩረት ርዝመትና የካሜራው ቁመት ከመሬት ካልተመዘገቡ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ምስሉን ሊደግመው አይችልም። በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፦ የካሜራው ሰዓትና ቀን አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሞላ የመስክ ማስታወሻው በኢትዮጵያ ይጻፋል። የስድስት ሰዓትና የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነቱ ካልተገለጸ ጠዋቱ ከቀትር፣ ዘመኑም ከዘመን ይምታታል።

ፈቃድም አስቀድሞ መታሰብ አለበት። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት በደባርቅ፣ የባሌው በዲንሾ ይገኛል፤ ድሮን ለመጠቀም ለብቻው ፈቃድ ይጠየቃል።

ጉና እንደ ጥያቄ

ጉና ከራስ ደጀን በ300 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያንሳል። ስለዚህ በላዩ ላይ ግግር በረዶ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው በቀላሉ በአዎንታ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ለደብረ ታቦር፣ ለባሕር ዳርና ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን ተራራው ቅርብ ነው። በጥንቃቄ ተነሥቶ «ይህ ሞሬን ሳይሆን የመሬት መንሸራተት ነው» የሚያሰኝ ምስል፣ ሞሬን ከተገኘበት ምስል ያነሰ ዋጋ የለውም።

ጊዜው ግን ክፍት ሆኖ አይቆይም። ገብስ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ድንጋይ ከማሳ ይለቀማል፣ ለአጥርና ለቤት ግድግዳም ይጫናል። ገበሬው በዚህ አይወቀስም፤ ድንጋዩ ለእርሱ ድንጋይ ነው። ለተመራማሪው ግን ቋጥኙ ከቦታው ከተገለበጠ፣ ለሰማይ የተጋለጠበትን ዘመን የሚቆጥረው የክሎሪን ልኬት አይታመንም። የቋጥኙ ቦታና አቀማመጥ ከመነካቱ በፊት በምስል ከተያዘ ግን፣ ወደፊት ናሙና የሚወስድ ሰው ድንጋዩ በነበረበት መሆኑን ማረጋገጥ ይችላል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚወጣ ተማሪ በመጀመሪያ የሚያነሣው ምስል፣ ሰፊው የተራራ ገጽታ ሳይሆን በእርሻው ዳርና ከእርሻው በላይ ያልተነካው ቋጥኝ ሊሆን ይገባል።