ጨዋታ የማያቋርጥ ሙዚቃ

ሆሳዕና ላይ የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ፣ ቡናው ተፈልቶ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ቴሌቪዥኑን ያጥፉና የሙላቱ አስታጥቄን «የከርሞ ሰው» ድምፁን ዝቅ አድርገው ይክፈቱ። ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙ ሁለት አልበሞችን አውጥተው የአገራችንን ቅኝት ከላቲን ምት ጋር አዋሕደዋል።

ቀጥለው በ1964 የወጣውን «ጌትዝ/ዢልቤርቶ» ያስከትሉ። በዚህ አልበም ብራዚላዊው ዡዋው ዢልቤርቶ ጊታሩን እየደረደረ ቦሳ ኖቫን በለሆሳስ ያዜማል።

የሁለቱም ሥራዎች ውበት ጨዋታ አለማቋረጣቸው ነው፤ ከልጅዎ ጋር እያወሩ ጆሮዎ ዜማውን ይከተላል። ልጅዎ ከስልኩ ቀና ብሎ «ይሄ የማን ነው?» ካለዎት ምሽቱ ተሳክቷል፤ ቅኝታችንን ከቤቱ ካልሰማ ከየት ይሰማዋል?