እርሳስን በስሙ እንተዋወቀው

እርሳስ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የተማሪው መጻፊያ ነው። እሱ ውስጥ ግን ቅንጣት እርሳስ የለም፤ ጥቁሩ ነገር ግራፋይት ነው። እውነተኛው እርሳስ ጥይት ውስጥ አለ፤ በታደነ እንስሳ ሥጋ በኩልም ትሪ ላይ ይወጣል።

ማዕድኑን እኔ በጣም እወደዋለሁ። ከባድ ቢሆንም ለስላሳ ነው፤ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል። ለጥይት ያስመረጠውም ይኸው ነው። የዱሮው ውጅግራ ጠመንጃ የሚተፋው ሙሉ እርሳስ ነበር። የክላሽ ጥይት ልብሱ ብረት ነው፤ ውስጡ እንደ ስሪቱ ይለያያል።

በዝሆን ጥርስና በጠመንጃ ንግድ ስሙ በገነነው በማጂ አገር፣ ቱም ላይ፣ አንድ የቀድሞ አዳኝ አዛውንትን ስለ ነገሩ ጠይቄ ነበር። «ጥርስህ ላይ ቀጭ ካለ ትተፋዋለህ፤ በቃ!» አሉኝ።

አባባ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ የሚተፋውስ ምን ገዶን! ክፉው ጥርስ የማያገኘው ነው። በተለይ ጫፉ ላይ እርሳሱ የተገለጠ የአደን ጥይት አጥንት ሲመታ ይፈረካከሳል፤ ዓይን የማያየው ብናኙ ከቁስሉ ስንዝርና ከዚያም በላይ ርቆ ሥጋው ውስጥ ይበተናል። የጠቆረውን ብቻ ገፎ «ጸዳ» ማለት ራስን ማታለል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ፣ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ አዳኞች ለችግረኞች የለገሱት የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ በራጅ ሲታይ የእርሳስ ፍርፋሪ ተገኘበት፤ እንዲጣልም ተደረገ።

«ሲቀቀል ይሞታል» የሚሉም አሉ። እርሳስ ተባይ አይደለም፤ አይሞትም። ሎሚና ኮምጣጤማ ጭራሽ ያሟሙታል። ሰውነታችን ካልሲየም እየመሰለው አጥንት ውስጥ ያኖረዋል፤ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል።

በጥይት የወደቀ እንስሳ የሚበላ ጥንብ አንሳም አይተርፍም። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ ኮንዶር የሚባለው ግዙፍ ጥንብ አንሳዋ በዚሁ መርዝ እየሞተባት በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የእርሳስ ጥይትን ለአደን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች። የመዳብ ጥይት ይተካዋል።

ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል መሆኑን መንገር አያሻኝም። በፈቃድ የምታድኑ ግን ቁስሉን ዙሪያውን አስፍታችሁ ቁረጡ፤ የተቆረጠውን ለውሻ አትጣሉ፣ ቅበሩት። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን በእርሳስ ጥይት የወደቀ ሥጋ አታቅርቡ።