የማንኪያ ኪሴና የአክስቴ ኩርፊያ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ትዳርም አይደለም። ስለ ማንኪያ ነው። «ደግሞ ማንኪያ ምን ይወራበታል?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። እኔን ከገዛ አክስቴ ጋር ሦስት ወር ሙሉ ያኳረፈኝ ይኸው ማንኪያ ነው።

ነገሩ የጀመረው ምሳ ቤት ውስጥ ነው። ቦታ ስለሌለ አንዲት እናት ከልጇ ጋር የተቀመጠችበት ጠረጴዛ ላይ ተዳብዬ ፓስታ አዘዝኩ። መሃል ላይ ያ የምታውቁት ብርጭቆ አለ። ሹካውም ማንኪያውም ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጎ እንደ አበባ ተሰክቶበታል። ማሙሽ አንዱን ሹካ ይመዛል፣ ይልሳል፣ ይመልሳል። ደግሞ ሌላውን ይመዛል። እናቱ ስልኳ ላይ ናት። እኔ ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ሳለ አስተናጋጁ ፓስታውን ይዞ ደረሰ። ሹካ ላቀብላት ብሎ፣ አሁን ብር ሲቆጥር በነበረበት እጁ አንዱን መዘዘልኝ። የያዘው ደግሞ እጀታውን አይደለም፤ ጥርሱን ነው! በላሁት? አዎ በላሁት፤ ርቦኝ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን የየምሳ ቤቱን ብርጭቆ ማየት ሥራዬ ሆነ። አብዛኛው ያው ነው። አፍ ውስጥ የሚገባው ወገን ላይ ሆኖ ያልፈው ያገደመው ይነካዋል፣ ሰው ያስነጥስበታል፣ ዝንብ ያርፍበታል። እጀታው ደግሞ ማንም የማይደርስበት ታች ተቀብሮ ተከብሮ ይኖራል። መሆን ያለበት ግልባጩ ነው። ብርጭቆው ውስጡ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፣ እጀታው ወደ ላይ ይሁን፤ የፈለገ ሰው እጀታውን ይዞ የራሱን ብቻ ያነሳል። ይህን ለማድረግ አምስት ሳንቲም አያስወጣም እኮ!

አስተጣጠቡም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ማንኪያ በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ከተለቀለቀ በኋላ 77 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ቢቆይ ጥሩ ነው። ይህ እጅ የማያስነካ ሙቀት ስለሆነ በወንፊት ነገር አድርጎ መንከር ነው። ከዚያ በአየር ይደርቃል። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ሲጠርግ በዋለ ጨርቅ ከተወለወለ ግን ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። ታይፎይድና አንዱ የጉበት በሽታ፣ ሄፓታይተስ ኤ የሚባለው፣ ከሽንት ቤት ወጥቶ ባልታጠበ እጅ፣ በተበከለ ውሃና ምግብ ነው የሚዞሩት። ያ እጅ የነካው ማንኪያም መንገድ ሊሆናቸው ይችላል።

እኔም «ምሳ ቤቱን ማስተካከል ባልችል ራሴን ላስተካክል» አልኩና ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። መስፋት ለምትፈልጉ ልኩን ልንገራችሁ። 56 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 14 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው አቡጀዲ ይበቃል። ዳር ዳሩ ከተቀመቀመ በኋላ 24 ሳንቲ ሜትሩ ወደ ላይ ታጥፎ ጎንና ጎኑ ይሰፋል፤ ኪስ ሆነ ማለት ነው። የተረፈችው 8 ሳንቲ ሜትር መክደኛ ትሆናለች፤ አንድ ቁልፍ ይተከልላታል። መሃሉን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ብትሰፉት ሁለት ክፍል ይወጣዋል፤ አንዱ ለማንኪያ፣ አንዱ ለሹካ። ሁለት አሠሩ፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ከእኔ ስህተት ተማሩ። መጀመሪያ ሰሞን በልቼ ስጨርስ ማንኪያውን በሶፍት ጠረግ አድርጌ እዚያው ኪሱ ውስጥ መልሼ እከተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ቦርሳዬን ስከፍት የወጣው ሽታ! የተበላበት ማንኪያ ለብቻው በትንሽ ላስቲክ ተጠቅልሎ ቤት ይገባል እንጂ ወደ ጨርቁ አይመለስም። እርጥብ ማንኪያም እንደዚያው፤ እርጥበት ባለበት ጀርም ይራባል። ጨርቁም ተገልብጦ በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

ነገሩ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ግብዣ የተጠራ ሰው የራሱን ቢላዋና ማንኪያ በማኅደር ይዞ መሄዱ ለብዙ ዘመን የተለመደ ነበር። ጃፓኖችም የሚበሉበትን እንጨት ከምሳ ዕቃቸው ጋር በትንሽ ሳጥን ይዘው ይዞራሉ። እኛ እጃችንን ታጥበን በእጃችን የምንበላ ሰዎች ስለሆንን ነው መሰለኝ ለማንኪያ ብዙም አልተጨነቅንም።

እንግዲህ ወደ ኩርፊያው ልግባ።

የፋሲካ ማግስት አክስቴ ቤት ተጠርተናል። ዶሮው በእጅ ተበላ፣ ተጎራረስን። ቀጥሎ ክትፎ መጣና አክስቴ ለየሰዉ ማንኪያ ማደል ጀመሩ። እኔ ልማድ ሆኖብኝ፣ ሳላስበው፣ ቦርሳዬን ከፍቼ የራሴን አወጣሁ። አክስቴ የዘረጉት እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ማንኪያውንም አየት፣ ጨርቁንም አየት አደረጉ።

«ምነው ልጄ? ቤቴ እንዲህ ያስጠይፋል?» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ! ለምሳ ቤት ያሠራሁት ነው፤ ለምጄ…» ብል ማን ሰምቶኝ። ማንኪያቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ። አሁን ከእጃቸው ስጎርስ የነበርኩ ሰው ማንኪያቸውን ስጸየፍ! ለሰው ሲወራ ያስቃል፤ እዚያ ቤት ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ስደውል ስልክ አያነሱም። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌም አለቀ። በመጨረሻ እናቴ «አንቺ ልጅ፣ እዚያ ቤት ማንኪያ መለየት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። «እንግዲያው ሄደሽ ራሷን ጠይቂያት» አለችኝ።

ሄድኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አነሱኝና ቡና አፈሉልኝ። ከዚያ ከቡፌው መሳቢያ አንድ ማንኪያ አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። የበኩር ልጃቸው ማንኪያ ነው። በ1994 ዓ.ም. ነው የሞተው፤ ነፃው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሊጀመር ሦስት ዓመት ሲቀረው። እኔ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ የማስታውሰው የለም።

«ክሩን ማን አሰረው?» አልኳቸው። ዘመድ ወይም ጎረቤት ነው የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አሉኝ። «ከታናናሾቹ ማንኪያ እንዳይቀላቀል ብዬ። ባየው ቀን አንድ ቃል አልተናገረኝም። ከዚያ በኋላ ግን ማንኪያ አልነካም፤ ሾርባውን እንኳ ከሳህኑ ነበር የሚጠጣው።»

ኤች አይ ቪ በማንኪያ፣ በብርጭቆ ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ብዙ ሰው ዕቃ የሚለይበት የሳምባ ነቀርሳም ቢሆን የሚተላለፈው በማንኪያ ሳይሆን በትንፋሽ ነው። ይህንኑ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። «ያኔም በሬዲዮ ይነገር ነበር» አሉኝ። «ጎረቤት ከሬዲዮ ይበልጣል ልጄ።» እኔ እንባዬ መጣ፤ እሳቸው አላለቀሱም። ሁለተኛውን ቡና ቀዱልኝ።

ልሄድ ስነሳ «ያንን ጨርቅ እስቲ አሳዪኝ» አሉኝ። አገላብጠው ስፌቱን ተቹ፣ ቁልፉን አደነቁ። «ለቤቱ ሰው ሁሉ አሠሪልኝ። ግን ምልክት እንዳይኖረው» አሉ። ልብስ ሰፊው እንዳይምታታ በየሰዉ ቀለም ቀለም ክር ላድርግበት ቢለኝ እንቢ አልኩት። ስምንቱም በአንድ ነጭ ክር ተሰፋ። አብሮ ይታጠባል፣ አብሮ ይሰጣል፣ የደረሰ የደረሰውን ያነሳል። ለእንቁጣጣሽ ገበታው ላይ ተደርድሮ አገኘሁት። አክስቴ ለእንግዳው ሁሉ «የልጄ ሥራ ነው» እያሉ ሲያሳዩ ልብስ ሰፊውን ያነሳው ሰው የለም፤ እኔም ዝም አልኩ።

የእኔዋ ኪስ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለች፤ ግን ለምሳ ቤት ብቻ ናት። ሰው ቤት ስጠራ ቤቴ ትቻት እሄዳለሁ። የዚያን ምሳ ቤት ባለቤትም አንድ ቀን ደፈር ብዬ «ወንድም፣ ሹካውን እስቲ ገልብጠው፣ እጀታው ወደ ላይ ይሁን» አልኩት። ሳይከፋው አስገለበጠው። ሁለት ቀን እንደተገለበጠ አየሁት። በሦስተኛው ቀን ስሄድ እንደ አበባው ተመልሷል። ምነው ብዬ ብጠይቀው «ደንበኛ ሹካና ማንኪያውን መለየት አቃተኝ ብሎ ተቆጣ» አለኝ። አሁን ሁለት ብርጭቆ እንዲያደርግ እየለመንኩት ነው።