ጎንደር ላይ ጤነኛ፣ ነጋዴ ባሕር ላይ በሽተኛ

የመተማ መስመር ሹፌር ነኝ። ጠዋት ጎንደር ላይ ጋቢ ደርቤ እነሳለሁ፤ አይከልን አልፌ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጋቢው ይወልቃል፤ ገንዳ ውኃ ስደርስ ሸሚዜም ይከብደኛል። ከ2000 ሜትር በላይ ካለ ከተማ ተነስቶ ከ1000 በታች የሚወርድ መንገድ ነው፤ ርዝመቱ ግን 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መጋቢት ላይ የባሰ ነው። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የወደቁት በዚሁ ወር ነው። በዚያ ፀሐይ ጋሻና ጦር ተሸክሞ መዋል ምን እንደሚመስል ሳስብ ስለ ኤሲ ማማረር ያሳፍረኛል።

ግን አማረርኩ። የአባዱላ ሚኒባሴ ኤሲ ጎንደር ላይ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ በዚሁ መንገድ ነጋዴ ባሕር ስደርስ ትኩስ አየር ይተፋል። ሁለት ጋራዥ ወሰድኩት። ሁለቱም «ጋዝ አልቋል» አሉ፣ ሞሉ፣ ተቀበሉ። ሲሞከርም ቀዘቀዘ። ለምን አይቀዘቅዝ? የተሞከረው ጎንደር ላይ ነዋ።

ሦስተኛው አዘዞ ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ። «ጋዝ እንደ ናፍጣ ተቃጥሎ የሚያልቅ መሰለህ? ካልፈሰሰ የት ይሄዳል?»

ሞተሩን አስነስተው ኤሲውን ከፈቱ፤ በሮቹን ፀሐይ ላይ አስከፈቱና ቡና አዘዙ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ትዕግሥቴ ሲያልቅ «ጋሼ፣ አያዩትም እንዴ?» አልኳቸው። «እያየሁት ነው፤ እስኪሞቅ ነው» አሉኝ።

ኮምፕረሰሩ ፊት ለፊት ሁለት ነገር አለ። አንዱ ቺንጋ የሚያሽከረክረው ፑሌጃ ነው፤ ሞተር እስካልጠፋ ድረስ ኤሲ ተከፈተም ተዘጋም ይዞራል። ሌላው ከፊቱ ያለው ሳህን የመሰለ ብረት ነው፤ እሱ የታሰረው ከኮምፕረሰሩ ዘንግ ጋር ነው። ከፑሌጃው ኋላ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ቦቢና ተቀምጧል። ኤሲው ሲከፈት ቦቢናው ማግኔት ይሆንና ሳህኑን ስቦ ከፑሌጃው ጋር ያጣብቀዋል። «ቋ» የምትለው ድምፅ እሷ ናት። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ክላች ይባላል። (በእኛ ጋራዥ አፍ ፍሪሲዮን ማለት ነበር፣ ግን ከመርገጫው ጋር እንዳይምታታ ክላች እላለሁ። የጣሊያን ጦር በኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሰጥቷል፤ ቺንጋ፣ ቦቢናና ካቻቪቴ የሚሉት የጣሊያን ቃላት ግን እስካሁን አልሰጡም።)

ሳህኑ ሲለቀቅ በእሱና በፑሌጃው መካከል የሚቀረው ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዓመታት ፍትጊያ ይሰፋል። ማግኔት ደግሞ ከራቀው ነገር ጋር አቅም የለውም። በዚያ ላይ መዳብ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ አላሳልፍ ይላል፤ ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ከጨመረ ተቃውሞው ሩብ ያህል ያድጋል፣ ስበቱም ይደክማል። እንግዲህ ሰፊ ክፍተት በጎንደር ብርድ ይሳባል፣ በነጋዴ ባሕር ሙቀት አይሳብም።

ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ሳህኑ ለቀቀና ተመልሶ አልተሳበም። አዛውንቱ በቴስተር የቦቢናውን ሽቦ ነኩ፤ 12 ቮልቱ ሳይጎድል ይደርሳል። ፊውዙም ሪሌውም ነፃ ወጡ። ጋዙ አንሶ ቢሆን የግፊት መቆጣጠሪያው መብራቱን ይቆርጠው ነበር፤ ስለዚህ ጋዙም ነፃ ነው። ረጅም እንጨት አነሱና መጀመሪያ ወደ እኔ ዞሩ፦ «ጋቢህን መኪና ውስጥ ጥለህ ና፤ ቺንጋ የያዘውን አይለቅም።» ከዚያ በእንጨቱ ጫፍ ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ቋ። ቀዘቀዘ።

እዚያ ላይ ነው ያበድኩት። ሁለቴ የተጨመረብኝ ጋዝ ጥቅም ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ከመጠን ሲያልፍ ግፊቱ ይጨምራል፣ ኮምፕረሰሩ ይከብዳል፣ ደካማው ክላች ይበልጥ ይንሸራተታል፣ ይግላል። ከፍዬ ነው ያባባስኩት።

ትርፉን ጋዝ ቀንሰው፣ ሳህኑን ፈትተው ከሥሩ አንድ ስስ ሮንዴላ አወጡ። ክፍተቱ ጠበበ። መጋቢትንና ሚያዝያን በዚያ ተወጣሁ። «ቦቢናው ግን ብዙ ተቃጥሏል፤ አትመነው» ብለውኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ በኮንትራት ወደ ዳባት፣ ደባርቅና ሊማሊሞ ሄድኩ። ደጋ ስለሆነ ኤሲ ትዝም አላለኝም። ሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ጉም ገባ፤ የተሳፋሪው ትንፋሽ መስታወቱን አለበሰው። ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቅ እንዲህ ያለውን በደቂቃ ይጠርገዋል፤ ከፈትኩት፣ «ቋ» የለም። አንዲት እናት በነጠላቸው እየወለወሉልኝ በእግር ፍጥነት ወረድን። እሱን መንገድ ለሚያውቅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቦቢናው ሲለካ ሦስትና አራት ኦም ማሳየት ሲገባው ምንም አላሳየም፤ ተበጥሷል። ክላቹን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለ ዘመዴ ገዛልኝ፤ የኮምፕረሰሩን ቁጥር፣ የፑሌጃውን ስፋትና ጎድጓዶቹን ቆጥሬ ነግሬው፣ የአይሱዙ 24 ቮልት እንዳይሰጡትም አስጠንቅቄው። አዛውንቱ አዲሱን ከመግጠማቸው በፊት የኮምፕረሰሩን ዘንግ በእጃቸው አዞሩ። ለስልሶ ዞረ። ቢደርቅ ኖሮ አዲሱም ክላች በሳምንት ይቃጠል ነበር። ቺንጋ አላልተው፣ የመሐሉን ዳዶ ፈትተው፣ ሳህን፣ ማሰሪያ ቀለበት፣ ፑሌጃ፣ ሌላ ቀለበት፣ ቦቢና አወጡ፤ ሲገጥሙ ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። የጋዙ ቱቦ አልተነካም።

ስንለያይ አንድ ነገር አዘዙኝ፦ ብርድም ቢሆን በሳምንት አንዴ አሥር ደቂቃ ክፈተው፤ የኮምፕረሰሩ ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው፣ ካልዞረ የዘንጉ ጎማ ይደርቅና ያን ጊዜ እውነትም ጋዝ ያልቃል።

አከብራለሁ። በጥር ጠዋት ከአዘዞ ስወጣ እከፍተዋለሁ፤ ከኋላ «ሹፌር፣ ጤና የለህም እንዴ?» የሚል አይጠፋም።