ቀንበር ከበሬ ጋር አይወለድም

በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ የምናየው ሁሉ፣ ዛፉም ድንጋዩም በሬውም፣ ጨዋታውን ለሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር፣ ለጌም ኢንጂኑ፣ «ኦብጀክት» ነው። ኢንጂኑ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 60 ጊዜ እየዞረ እያንዳንዱን «ተራህ ነው፣ የምትሠራውን ሥራ» ይለዋል። መሠረቱ ይኸው ነው።

እኔን የሚማርከኝ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው። በሬ የሚሠራውን ዛፍ አይሠራም፤ ታዲያ ጠባያቸው ለየቅል የሆነ ሺህ ኦብጀክቶች በአንድ ኢንጂን እንዴት ይተዳደራሉ?

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዘር ቆጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኖርዌይ ውስጥ የተሠራው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ሲሙላ 67፣ ክላስን (የኦብጀክትን ንድፍ) ከክላስ ማስወለድ ካስተማረ ወዲህ ልማዱ አልለቀቀንም። ቢቸና ውስጥ የቅኔ ጌምስን «ኩኩሉ» የተባለ ጨዋታ ተጫውቶ የወደደ አንድ ተማሪ የገበሬ ጨዋታ ሲሠራ አግዘው ነበር። «እንስሳ» ብሎ ጀመረ፤ ከሥሩ «የቀንድ ከብት»፣ ከዚያ «በሬ»፣ «ላም»፣ «ጥጃ»። መታለብን የጻፈው የቀንድ ከብት ላይ ነው። ታናሽ እህቱ ስልኩን ተቀብላ በሬው አጠገብ ቆመችና የማለቢያውን ምልክት ነካች። በሬው ታለበ፤ ዕቃው ሞላ። «ጋሼ፣ ይኼ ላም ነው እንዴ?» አለችኝ። ወንድሟ በሬውን ከለከለ፤ ቀጥሎ ጥጃው ታለበ፤ እሱንም ከለከለ። እንዲህ ያለ ኮድ በክልከላ ብዛት ይሞታል።

የጋማ ከብት ላይ ሲደርስ ደግሞ በቅሎ መጣች። አባቷ አህያ፣ እናቷ ፈረስ። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው፤ እሷ 63 ይዛ መሃል ላይ ትቀራለች። ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሁለት ወላጅ ይፈቅዳል፤ ግን ፈረስም አህያም ከአንድ «የጋማ ከብት» ስለሚወርዱ፣ ካልተጠነቀቁ የአያት ውርስ በሁለት በኩል ሁለት ጊዜ ይደርሳታል፤ ፍጥነቷ ሁለት፣ ድካሟም ሁለት። ዩኒቲ የተባለው ጌም ኢንጂን የሚጠቀምበት ቋንቋ፣ ሲ ሻርፕ፣ ደግሞ ከአንድ ወላጅ ክላስ በላይ አይፈቅድም፤ ከፈረስ ትወልዳታለህ፣ የአህያውን የጭነት ኮድ ትገለብጥላታለህ። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች እየተባለ ይሳቅባታል። በኮድ ነገር ግን እኔ ጥፋቱን የማየው በጠያቂው ላይ ነው። ዘሯን ምን አደረገው? የሚጠየቀው «ጭነት ትቀበያለሽ?» ነው።

ገበሬ ይህን ያውቃል። ቀንበር ከበሬ ጋር አይወለድም፤ ጠዋት ይጠመዳል፣ ማታ ይፈታል። በቅሎም ኮርቻ ሲደረግላት መጓጓዣ ናት፤ ኮርቻው ወርዶ ጆንያ ሲጫንባት ሌላ ሥራ ላይ ናት፤ በቅሎነቷ ግን አልተለወጠም። ኮምፖነንት የሚሉት ይህንን ነው፤ ጠባይን ለብቻው ሠርቶ በኦብጀክቱ ላይ መጫን፣ ሲያስፈልግም ጨዋታው እየሄደ ማውረድ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው «ደንጀን ሲጅ» የተባለ ጨዋታ በዚህ መንገድ ተሠርቷል፤ ከ2005 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቲ ለሁሉም አዳረሰው። ውርስ ጨርሶ ይቅር አልልም፤ አንድ ደረጃ፣ ቢበዛ ሁለት፣ ይበቃል።

የሚያናድደኝ ዩኒቲን ይዞ «በሬ ከሆነ፣ አህያ ከሆነ፣ በቅሎ ከሆነ» እያለ መቶ መስመር የሚደረድር ነው። ኮምፖነንቱን በሰከንድ 60 ጊዜ አዲስ እንደጠፋበት የሚፈልገውም አለ። ወዳጄ፣ መነሻው ላይ አንዴ ፈልገህ ያዘው!

ያ ተማሪ ሁሉንም አፍርሶ እንደገና ጻፈው። አሁን በጨዋታው በቅሎዋ ከሞጣ ጤፍ ተጭና ወደ ዓባይ ትወርዳለች። ሰባራ ድልድይ ስትደርስ ጆንያው ከጀርባዋ ይወርድና፣ ድሮ ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገረው በነበረው ክፍተት ላይ፣ በገመዱ ይንጠለጠላል። ገመዱ ከበቅሎዋ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ጆንያው ግን ሁለቱንም የጠየቃቸው ያንኑ አንድ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱም «አዎ» አሉት።